ለስትሬች ሱሪ ጥብቅና

«የዛሬ ልጆች ሃይማኖት እንደ ስትሬች ሱሪ ነው፤ ማንም ቢገባበት ልክ ይሆናል።» ይህን የሚሉት እዚህ ፊልቱ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሻይ የምንጠጣበት ቦታ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ከግመል ኋላ የጨረሱ፣ ከሽርጥ በቀር ለብሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሲናገሩት ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን ልብስ ሰፊ ነኝና ነገሩ ይከነክነኛል። ለሃይማኖቱ የሚከራከሩለት ሼኾች አሉት፤ ያለ ጠበቃ የቀረው ጨርቁ ነው። ደግሞም ስድቡን ገልብጠው ሲያዩት ከሱሪ የሚያልፍ ጥያቄ አለበት፤ ለሰው ሁኔታ የሚለጠጥ ሕግ፣ ሕግነቱን ያጣል ወይ?

እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ስፌት የለመድሁት ደሴ ነው። እንጀራ ፍለጋ መጀመሪያ ነገሌ ቦረና ወረድሁ፣ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ አልፌ ፊልቱ ላይ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ የእግር ሲንጀሬን ተከልሁ። ፊልቱ የሊበን ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ባለው ደረቅ ምድር፣ ከነገሌ ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ለልብስ ሰው ይህ መንገድ ብዙ ነገር ነው። ከላይ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ አዲሱ ጂንስ ይወርዳል፤ ከታች፣ ከኬንያና ከሶማሊያ ጠረፍ በኩል፣ ሳልባጁ ይወጣል። ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም፣ ሳልባጅ ያልለበሰ ደንበኛ ብፈልግ ብዙ አላገኝም። እኔ ዘንድ ሱሪው የሚመጣው ሊያጥር፣ ሊጠብ፣ ዚፑ ሊቀየር ነው። ስለዚህ ሱሪን የማውቀው መስታወት ፊት ሲያምር አይደለም፤ ከተገዛ ከወራት በኋላ ጉልበቱ አብጦ፣ መቀመጫው ረግቦ ሲመለስልኝ ነው።

ጂንስ ሲፈጠር ላስቲክ የሚባል ነገር አልነበረበትም። በአሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ፣ ሬኖ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረ ጄኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ የሠራተኞች ሱሪ ኪሱ ላይ እየተቀደደ ሲያስቸግረው ጠርዙን በመዳብ ሪቬት ያዘው። ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የዝናው ትርፍ ለነጋዴው ቢቀርም፣ ሐሳቡ የእኛ ሙያ ሰው መሆኑ ደስ ይለኛል። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ጥጥ ነበር፤ ድሩ በኢንዲጎ ተነክሮ፣ ማጉ ነጭ ሆኖ የተሸመነ። ሰማያዊው ወደ ክሩ እምብርት ዘልቆ አይገባም፤ ላይ ላዩን ነው የሚይዘው። ጂንስ ሲለበስና ሲታጠብ የሚነጣው ለዚህ ነው። ያ የጥንቱ ዓይነት ጂንስ ዛሬም አለ። ሲገዙት ድርቅ ያለ ነው፤ ወገብ ይይዛል፣ ሲቀመጡ ይቆረቁራል። ሲለበስ ቀስ እያለ ይላላል፣ ሲታጠብ መልሶ ሰብሰብ ይላል፣ ውሎ አድሮ የባለቤቱን ሰውነት ይለምዳል።

የሚሳበው ክር የመጣው ኋላ ነው። ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1958 በዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የፈጠረው ክር ገበያ ላይ ሲወጣ ላይክራ ተባለ፤ ሌብል ላይ «ኢላስቴን» ወይም «ስፓንዴክስ» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ነው። ብቻውን ቢሳብ ከርዝመቱ አምስት እጥፍ በላይ ይሄዳል፤ ሲለቁት ይመለሳል። ይህ ክር በጂንስ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ያላየ ሰው፣ ሱሪው ከላስቲክ የተሠራ ይመስለዋል። እግር ሳሳጥር የሚተርፈኝን ቁራጭ አንሥቼ አንድ የማግ ክር እመዝዛለሁ። በጣቶቼ መካከል ወደ ተቃራኒው ትንሽ ስፈትለው ጥጡ እየላላ ይንሸራተትና፣ መሐሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ክር ይቀራል። ስስበው ይረዝማል፤ ስለቀው ተጠቅልሎ ይሰበሰባል። የሱሪው መለጠጥ ሁሉ ያቺ ክር ናት። በደህና የወንድ ጂንስ ላይ ከመቶው 98 ጥጥ ሲሆን ኢላስቴኑ 2 ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የምትገባውም በማጉ ውስጥ እንጂ በድሩ ውስጥ አይደለም፤ ስለዚህ ሱሪው ወደ ጎን ይሳባል፣ ወደ ታች ግን አይሳብም። ድሩ እንደ ጥንቱ ድርቅ እንዳለ ነው።

ታዲያ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እለያለሁ? በሌብል ብቻ አይደለም፤ ሌብል ገበያ ላይ ተሰፍቶ የሚለጠፍበት ጊዜ አለና። ጭኑ ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን እስበዋለሁ፣ ትንሽ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ እለቀዋለሁ። ዓይኔ ያለው ምን ያህል ሄደ በሚለው ላይ ሳይሆን እንዴት ተመለሰ በሚለው ላይ ነው። ቶሎና ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ሞገድ እየሠራ፣ ረግቦ ከቀረ፣ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሳብ አይረባም። ጥርጣሬ ካለኝ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አነደዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ጥቂት ፖሊስተር ቅርጽ ለመያዝ ይረዳል፤ ሲበዛ ግን በፊልቱ ሙቀት ላብን አፍኖ ይይዛል፣ ጭን ያቃጥላል።

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት አዲስ ስትሬች ለብሶ፣ ወገቡን ላስጠብበው ብሎ መጣ።

«አዴር፣ ሌላው ልኬ ነው አይደል?» አለኝ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቱ ነው።

«ቆመህ ሳለ ልክህ ነው። እስቲ አጎንብስበት።»

«እንዴት?»

«እንደ ሩኩዕ። ከዚያ እንደ ሱጁድ ግንባርህን ወደ መሬት አድርስ። ተነሥና እንደ ተሸሁድ ተቀመጥ።»

እየሳቀ አደረገው። ግንባሩን ሲያወርድ ሸሚዙ ወደ ላይ፣ ሱሪው ወደ ታች ሸሸ። በእኛ በሻፊዒ መዝሀብ የወንድ ዐውራ፣ ማለትም በሶላት መሸፈን ያለበት አካል፣ በእምብርትና በጉልበት መካከል ያለው ነው፤ ከኋላም ቢሆን ከዚያ ውስጥ የተገለጠ ካለና ወዲያው ካልተሸፈነ ሶላቱ ይበላሻል። ልጁ የመጣው ወገቡ ሰፍቶበት ነበር፤ ችግሩ ግን የወገቡ ከፍታ ማጠር ነው፣ ያንን ደግሞ ምንም ስፌት አያስረዝመውም። ከዚያ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እንዲሰበስበው ነገርሁት። እምቢ አለው፤ እግሩ ጫፍ ላይ ጠባብ ነው። «ዉዱእ ስታደርግ እግርህን የምታጥበው በምን ዘዴ ነው?» ስለው ዝም አለ፤ ኋላ ሻጩ መልሶ እንዲለውጥለት ይዞት ሄደ።

ለሱሪ ከሶላት የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ግዴታ የሆኑት የቀን ሶላቶች ተደምረው 17 ረከዓ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ አለ፣ 34 ማለት ነው። በቀን ይህን ያህል ጊዜ የሚታጠፍ ጉልበት፣ ጨርቁ መመለስ የማያውቅ ከሆነ በወሩ እንደ ኳስ ይወጣል። ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ጥጡ ይብዛ፣ ላስቲኩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ይሁን። ሲለኩት ወገቡ ጠበቅ ያለ፣ ጭኑ ላይ ግን ጨርቁን በጣት ቆንጥረው ማንሣት የሚችሉበት ይሁን። «ይሳብ የለም ወይ» ተብሎ ከልክ በታች አይገዛም። ቀን ሙሉ ሳያርፍ ተወጥሮ የሚውል ክር ቶሎ ይደክማልና። በፈላ ውኃ አይታጠብ፣ በረኪና አይንካው፣ ካውያ አይጋልበት፤ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ። ኢላስቴንን ሙቀትና በረኪና ይገድሉታል።

አሁን ወደ ስድቡ ልመለስ። ሽማግሌው ያዩት መለጠጡን ብቻ ነው። እኔ በእጄ የምፈትነው ግን ሁለት ነገር ነው፤ መለጠጥና መመለስ። የስትሬች ሱሪ ክብር ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሃይማኖትን ከስትሬች ጋር ካነጻጸሩት አይቀር፣ ደህናውን ስትሬች ይውሰዱ።

በመጀመሪያ ድብልቅ ስለሆነ ብቻ ጨርቅን መናቅ ከሕጉም ጋር አይሄድም። በኦሪት ሱፍና በፍታ አንድ ላይ የተሠራ ልብስ መልበስ ተከልክሏል። የእኛ ፉቀሃዎች፣ የሕግ ሊቃውንቱ፣ ግን ድብልቁን መዝነውታል። ሐር ለወንድ ሐራም ነው፤ ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ቢሆንስ? ኢማም አን-ነወዊ፣ የሶማሌም የወሎም ተማሪ የሚያውቀው «ሚንሃጅ» በሚባለው ኪታባቸው የሰጡት መልስ በሚዛን ነው፤ በክብደት ሐሩ ከበለጠ ይከለከላል፣ ሌላው ከበለጠ ይፈቀዳል፣ እኩል ቢሆኑም በጠንካራው አስተያየት ይፈቀዳል። እኚህ ሰው የሞቱት በ676 ሂጅራ ነው። ዛሬ ሌብል ላይ የምናነበው ከመቶ ስንት የሚለው ቁጥርም የሚሰላው በክብደት ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ በጨርቁ ውስጥ ምን አለ ከሚለው ይልቅ የትኛው ይገዛል ተብሎ ይጠየቃል። ሁለት እጁ ላስቲክ ሆኖ ዘጠና ስምንቱ ጥጥ የሆነ ሱሪ፣ ጥጥ ነው።

ሕጉም እንዲሁ ጥቂት የምትሳብ ክር በውስጡ አለችው። ስሟ ሩኽሳ ነው፤ ለችግር የተሰጠ ፈቃድ። ይህቺ ክር እኛ ጋ በመጽሐፍ ብቻ የምትታወቅ አይደለችም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ በቂ ዝናብ ሳይዘንብ ሲቀር፣ «ጉ» እና «ዴይር» የምንላቸው ሁለቱም የዝናብ ወቅቶች ሲከዱን፣ በሊበን ውኃ በቦቴ የሚጠበቅ ነገር ሆነ። ለመጠጥ የተቀመጠችን ጀሪካን ለዉዱእ ማፍሰስ ማንም አልጠየቀም። ሰው መዳፉን ንጹሕ አፈር ላይ መትቶ፣ ፊቱንና እጁን አብሶ፣ በተየሙም ይሰግድ ነበር። እዚህ ድረስ መለጠጥ ነው። መመለሱም እዚያው ሕጉ ውስጥ ተሰፍቷል፤ ውኃ በተገኘ ጊዜ ተየሙም ይፈርሳል። በ2015 መጋቢት ዝናቡ ሲመጣ፣ ያ ትናንት ትክክል የነበረው አፈር፣ ውኃ ላገኘ ሰው በዚያው ቀን በቂ መሆኑ ቀረ። አዲስ አዋጅ አላስፈለገም።

ጾምም እንዲያው ነው። የታመመና መንገደኛ በረመዳን ያፈጥራል፤ የሄደችው ቀን ግን አትጠፋም፣ ቀዷ፣ በኋላ የሚከፈል ዕዳ፣ ሆና ትጠብቀዋለች። ከሁሉ ደግሞ የሚገርመኝ የመንገደኛ ሶላት ነው። ከነገሌ ወደ ዶሎ የሚወርዱ የአይሱዙ ሾፌሮች ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት ያሳጥራሉ። ሱብሒና መግሪብ ግን አያጥሩም፤ የቱንም ያህል መንገድ ቢረዝም እንዳሉ ናቸው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር የጂንሱ ድርና ማግ ትዝ ይለኛል፤ ማጉ ይሳባል፣ ድሩ አይነካም። በሁሉም አቅጣጫ ያለ ገደብ የሚሳብ ጨርቅ ደህና ሱሪ አይሆንም፤ ምንም የማይሳብም ቢሆን መንገደኛውን ይቀደድበታል።

«ታዲያ ያለ ሩኽሳ የሚኖር አይበልጥም?» የሚል ይኖራል። ድርቁን ጂንስ እወዳለሁ ብያለሁ፤ ዕድሜውም ይረዝማል። ጤና ያለው፣ አገሩ ላይ ያለ ሰው አራቱንም ረከዓ ሙሉ መስገዱ ግዴታው ነውና በዚያ አይመካም። የሚያስቸግረው ሌላው ነው። ስኳር ይዞት፣ ሐኪም እንዳይጾም ነግሮት፣ «እኔ እንደ ሌላው አልላላም» ብሎ ራሱን እስኪስት የሚጾም። ነቢዩ፣ አላህ የሰጠው ፈቃድ ሲወሰድለት እንደሚወድ አስተምረዋል። ስጦታን እምቢ ማለት ጽናት የሚመስለው ለሰው ዓይን ነው። ምንም የማይሳብ ጨርቅ ሲወጠር በስፌቱ ሳይሆን በሥጋው ነው የሚቀደደው፤ በሥጋው የተቀደደ ሱሪ ደግሞ ቢጣፍም ያስታውቃል።

ሽማግሌው ልክ የሆኑበት ቦታም አለ፤ መካድ አልችልም። መመለስ ያቆመ ስትሬች ሞልቷል። ጭኑ ላይ ጨርቁ ተጨማዶ፣ ያ ነጭ ክር ተበጥሶ እንደ ፀጉር ብቅ ብቅ ያለበትን ሱሪ በየሳምንቱ አያለሁ። በሻፊዒ መዝሀብ መንገደኛ አንድ ቦታ፣ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይጨምር፣ አራት ቀን ለመቀመጥ ካሰበ መንገደኛነቱ ያበቃል። ጉዳዬ ዛሬ ነገ ይፈጸማል እያለ የሚጠብቅ ደግሞ፣ ለምሳሌ መለዋወጫ የሚጠብቅ ሾፌር፣ እስከ 18 ቀን ማሳጠር ይችላል። ሐነፊዎች ለመቀመጥ ለቆረጠው ወሰኑን 15 ቀን ያደርጉታል። ወሰኑ ይለያያል እንጂ፣ ለመቀመጥ ለቆረጠ ሰው ወሰን የሌለው መዝሀብ የለም። ቤት ተከራይቶ፣ ትዳር ይዞ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ «እኔ እኮ የመንገድ ሰው ነኝ» እያለ በሁለት ረከዓ የሚኖር ሰው ካለ፣ የሽማግሌው ስድብ ለእሱ ይሁን። እሱ የተለጠጠ አይደለም፤ ረግቦ የቀረ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጨርቅና ሰው ይለያያሉ። ክሩ የሞተበትን ሱሪ ወገቡን ላጠብበው፣ ዚፑን ልቀይረው፣ ጉልበቱን ልጥፈው እችላለሁ፤ ያቺን ክር ግን መልሼ አላስገባም፣ ዓለም ላይ የሚያስገባም ሰፊ የለም። ለሰው ግን የተውበት፣ የንስሐ፣ በር ነፍሱ ጉሮሮው ላይ እስክትደርስ ክፍት ነው ተብለናል። ዘመኑን ሁሉ ረግቦ የኖረ ሰው በአንድ ሱብሒ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ምሳሌው ጥሩውን ሰው ያሳያል እንጂ፣ በመጥፎው ላይ ፍርድ አይሰጥም።

የሱሪውን መመለስ እኔ በእጄ ስቤ አውቃለሁ። ሾፌሩ አራት ቀን ለመቀመጥ ቆርጦ እንደሆነ ግን ከራሱና ከፈጠረው ሌላ የሚያውቅ የለም። ሕጉም ሆን ብሎ ነገሩን ለኒያው፣ ለልቡ ሐሳብ፣ ትቶለታል፤ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ቀኑን እንዲቆጥርለት አላዘዘም። በሽተኛው ምን ያህል እንደታመመ፣ የጀሪካኑ ውኃ ለስንት ልጅ እንደተቀመጠ፣ ሻይ እየጠጣሁ የማውቀው አይደለም። የሌላው ሰው ሃይማኖት ሰፋ፣ ጠበበ፣ ረገበ ማለት ከሙያዬ ውጭ ነው። ሱሪውን ግን አምጡልኝ፤ እሱን ስቤ እነግራችኋለሁ።